ጅብ በሁዳዴ ምን ይበላል? የእንስሳትን ባሕርይ ስለ መማርና ስለ ሥራው

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። እኅቴ ቤት ምሳ በልተን ቡና እየተፈላ ነበር። ልጇ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን እያጋመሰች ነው፤ ዲፓርትመንት መምረጫዋ ደርሷል። «ባዮሎጂ እገባለሁ። ከዚያ የእንስሳትን ባሕርይ ማጥናት ነው የምፈልገው» አለች። እኅቴ ጀበናውን አስቀመጠችና፣ «ከብት ለማየት? አያትሽ እኮ ዕድሜ ልኩን ያለ ዲግሪ ሲያየው ኖሯል» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ አንተ እስቲ ንገራት» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

እኔ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ እንጀራዬን የማገኘው ግን በሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ የእኅቴ ስጋት ይገባኛል። የልጅቷም ጉጉት ይገባኛል። ከትርጉም ብጀምር ሁለቱም እንደሚያንቀላፉ ስላወቅሁ ከጅብ ጀመርኩ።

«በሁዳዴ ጅብ ምን የሚበላ ይመስልሻል?» አልኳት እኅቴን።

«ያገኘውን ነዋ። ጅብ አይጾም!»

መልሷ ትክክል ነው፤ ግን አላለቀም። ይህንኑ ጥያቄ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በቁም ነገር ጠይቀውታል። ጥናቱ የታተመው በ2012 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ጅብ የሚያድነው የዱር እንስሳ ከሞላ ጎደል አልቋል። የሚኖረው ከሰው ጋር ተጠግቶ ነው፤ የሥጋ ቤት ትርፍራፊ፣ የተጣለ አጥንት፣ የሞተ ከብት እየበላ። እንግዲህ ሰዉ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ሲተው፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ ከየቤቱ አጥንት መውጣቱ ሲቆም ጅቡ ምን ይውጠው?

ጅብን ምን በላህ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ማታ ማታ እየተከተሉ ማየትም ከባድ ነው። ስለዚህ የሄዱት ወደ ዓይነ ምድሩ ነው። በቀጥታው ልበለው፤ የጅብ አር ለቀሙ። ጅብ አጥንት ስለሚያደቅ አሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ሜዳ ላይ ከሩቅ ይታያል። ፀጉር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እንዳለ ይወጣል። ናሙናው ይታጠባል፣ ፀጉሩ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። የአህያ ፀጉር ላዩ ላይ ያለው ቅርፊት ከፍየሉ፣ የፍየሉም ከላሙ ይለያል። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የተሰበሰበውን አነጻጸሩ። የአህያ ፀጉር የተገኘው ከጾሙ በፊት በ14.8 በመቶው ናሙና ውስጥ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ደረሰ። ጾሙ ሲፈታ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ።

ማለትም ጅቡ ፍርፋሪ ሲያጣ አህያ ማደን ያበዛል። ሰው ሲጾም አህያ ትበላለች። እኅቴ ይህን ስትሰማ፣ «ምስኪን አህያ፣ የእኛ ጾም ለእሷ መርዶ ነዋ!» አለች። ገበሬ ለሆነ ሰው ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ አህያውን በየትኞቹ ወራት ማታ ማታ አጥብቆ መዝጋት እንዳለበት የሚነግር መረጃ ነው።

የእንስሳት ባሕርይ ጥናት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። በትምህርት ቋንቋው ኢቶሎጂ ይባላል። እንስሳው ምን ያደርጋል፣ መቼ ያደርጋል፣ ለምን ያደርጋል የሚለውን በግምት ሳይሆን በተቆጠረ ነገር መመለስ። እንስሳ መውደድ ጥሩ ነው፤ ግን በፍቅር ብቻ የመጣ ተማሪ ሦስተኛው ወር ላይ አር ሲያጥብ ይደክመዋል።

«ለምን» የምትለው ቃል ራሷ ጣጣ አለባት። በአማርኛ አንዲት ቃል ናት፤ ውስጧ ግን አራት ጥያቄ ተሸክማለች። ይህን አበጥሮ ያስቀመጠው ኒኮ ቲንበርገን የተባለ የኔዘርላንድስ ተወላጅ ሳይንቲስት ነው፣ በ1963። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ከኮንራድ ሎሬንዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በየትኛውም አገር ይህን ትምህርት የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የቲንበርገንን አራት ጥያቄዎች ሳይሸመድድ አይወጣም።

በግቢያችን ዶሮ እንየው። አውራ ዶሮ ንጋት ላይ ለምን ይጮኻል? አንደኛው መልስ ምን ቀስቅሶት የሚል ነው። ብርሃን አይቶ ይመስለናል አይደል? የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2013 እንዳሳዩት ግን፣ ሌት ተቀን ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል የተቀመጡ አውራ ዶሮዎችም ሰዓታቸውን ጠብቀው ይጮኻሉ። ሰዓቱ ውስጣቸው ነው። ሁለተኛው፣ ባሕርዩ በዕድሜው ውስጥ እንዴት መጣ ይላል፤ ጫጩት አይጮኽም፣ የወንድ ሆርሞኑ ሲመጣ ማንም ሳያስተምረው ድምፁ እየተሰነጣጠቀ ይጀምራል። ሦስተኛው፣ ምን ይጠቅመዋል ይላል፤ «ይህ ግቢ የእኔ ነው» ማለት ነው። አራተኛው ከየት ወረሰው የሚል ነው፤ የቤት ዶሮ ቅድመ አያት የሆነው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮም ይጮኻል። አራቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ብዙ የቡና ላይ ክርክር የሚያስነሣው አንዱ ሰው ስለ አንደኛው ጥያቄ፣ ሌላው ስለ ሦስተኛው ሲያወራ ነው።

እነዚያው ጃፓኖች በ2015 አንድ የሚያስቅ ነገር ጨመሩ። ብዙ አውራ ዶሮ አብሮ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። እሱ ከተወሰደ ሁለተኛው ይተካል። ልክ እንደ ዕድር ስብሰባ፣ ሰብሳቢው ሳይናገር ማንም አይናገርም።

ትምህርቱ ከባድ የሚሆነው እንስሳው ስለሚያስቸግር አይመስለኝም። የሚያስቸግረው የተመልካቹ ጭንቅላት ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ፈረስ ነበር፤ «ብልሁ ሐንስ» ይሉት ነበር። ጌታው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ሦስት ሲደመር አራት ሲባል ሰባት ጊዜ መሬቱን በኮቴው ይመታል። በ1904 አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ መረመረ፤ ማጭበርበር አላገኘም። ከዚያ ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ሰው መጣና ቀላል ነገር አደረገ። ጠያቂው መልሱን ራሱ የማያውቀው ጥያቄ እንዲጠይቅ አደረገ። ፈረሱ መሳት ጀመረ። ጠያቂው እንዳይታየው ሲደረግም ሳተ። ለካስ ፈረሱ የሚያነበው የሰዉን አንገት ነው። ኮቴው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በትንሹ ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱ ያን አይቶ ያቆማል።

ፈረሱ ሒሳብ ባይችልም ደደብ አልነበረም። ሰውን ከሰው በላይ ማንበብ ችሏል። እኔን ያስደነገጠኝ ጌታው ነው። ቀጣፊ አልነበረም፤ የሚወደውን ነገር ስላየ ብቻ አመነ። ይህ ታሪክ በየመማሪያ ክፍሉ የሚነገረው ለዚህ ነው። ተመልካቹ መልሱን አስቀድሞ ካወቀ ዓይኑ ይዋሻል።

ስለዚህ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው መጻፍ ነው። «ዝንጀሮዋ ተናደደች» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። መናደዷን አላየህም። ያየኸው የላይኛው ከንፈሯን ወደ ላይ ገልብጣ ድዷን ስታሳይ ነው። እሱን ጻፍ። ወደ መስክ ከመውጣትህ በፊት ኢቶግራም የሚባል ዝርዝር ታዘጋጃለህ፤ እንስሳው የሚያደርገው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ስምና ፍቺ ይሰጠዋል። «መብላት» ማለት ምን ማለት ነው? ሣሩን መንጨት ነው ወይስ ማኘክም ይጨምራል? ሁለት ሰዎች ያንኑ ጭላዳ እያዩ የተለያየ ነገር ከጻፉ መረጃው ውድቅ ነው።

ጭላዳን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም የለም፤ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ሰው ከለመደ አጠገቡ ተቀምጠህ ማየት ትችላለህ። ሰሜን ተራሮች ላይ አንድ ተማሪ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቀመጣል። መንጋው ከተኛበት ገደል እየወጣ ነው። ተማሪው ከመቶው ውስጥ አንዷን ሴት በስም ዝርዝሩ መሠረት ይመርጣል። ደስ ያለችውን አይደለም፤ ተራዋ የደረሰውን። ሰዓቱን ይይዛል። አሥራ አምስት ደቂቃ ከእሷ ዓይኑን አይነቅልም። ሣር ነጨች። ተቀመጠች። ሌላዋ መጥታ ፀጉሯን ፈተሸችላት። አጠገቡ ሁለት ወንዶች ጥርስ አግጥጠው ቢባረሩም አያይም፤ ወይም እያየ አይጽፍም። ይህ አንዱን ተከታትሎ መመዝገብ ይባላል። ሌላው ዘዴ በየአሥር ደቂቃው ዓይንን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ እያንዳንዱ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን መቁጠር ነው። እነዚህን ዘዴዎች አሜሪካዊቷ ጂን አልትማን በ1974 ባሳተመችው ጽሑፍ አንድ ላይ ሰብስባ አስተካከለቻቸው፤ ዛሬም የሚሠራው በዚያ ነው። ያለ ሕግ ዝም ብሎ ያየ ሰው ጠብና ግርግር ብቻ ጽፎ ይመለሳል፤ ዓይን የሚስበው ያ ነውና። የጭላዳ የቀን ውሎ ግን አብዛኛው ሣር መንጨት ነው።

ትዕግሥቱ የሚያስገኘውን ልንገራችሁ። እዚያው ሰሜን ተራሮች ላይ ለዓመታት የተደረገ ክትትል በ2012 አንድ አስገራሚ ውጤት አወጣ። አዲስ ወንድ የድሮውን አባራሪ ሆኖ ሴቶቹን ሲረከብ፣ በወቅቱ ካረገዙት 80 በመቶ ያህሉ በሳምንታት ውስጥ ጽንሱ ይቋረጥባቸዋል። አዲሱ ወንድ የቀድሞውን ግልገሎች ብዙ ጊዜ ስለሚገድል፣ ሊሞት ለሚችል ግልገል ጉልበት ላለማባከን ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እርግዝናው እንዴት ታወቀ? በዓይነ ምድራቸው ውስጥ ባለው ሆርሞን። አያችሁ፣ አሁንም ከአር አላመለጥንም።

መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ይታያል፤ ጭላዳዎቹም ዝም ይሉታል። በ2015 የታተመው ቆጠራ እንዳሳየው በመንጋው መሃል ሲሆን 67 በመቶው የአደን ሙከራ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ግልገላቸውን ቢነካ እንደሚያባርሩት ያውቃል መሰለኝ። «መሰለኝ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ይወርድበታል።

እሺ፣ የት ነው የሚማሩት? እኛ አገር መንገዱ ባብዛኛው እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በባዮሎጂ፣ በእንስሳት ሳይንስ፣ በዱር እንስሳት አያያዝ ወይም በእንስሳት ሕክምና ይያዛል፤ ባሕርይ በውስጡ እንደ ኮርስ ይመጣል። ትኩረቱ የሚጠብቀው በማስተርስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዙኦሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ ስለ ዝንጀሮ፣ ስለ አጋዘን፣ ስለ አይጥ የቀን ውሎና አመጋገብ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ወጥቶበታል። የደንና የዱር እንስሳት ነገር ለሚስበው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ወንዶ ገነት አለ። የእንስሳት ሕክምና ለሚፈልግ ቢሾፍቱና ጎንደር አሉ። ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁ እዚያ የተወለዱ፣ የተለየ ዕድል አላችሁ፤ እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ፣ አሜሪካ ደግሞ ባክኔል ዩኒቨርሲቲ «የእንስሳት ባሕርይ» በሚል ስም የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣሉ። ኤድንብራ ባሕርይንና የእንስሳት ደኅንነትን አጣምሮ ማስተርስ ያስተምራል።

ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁን ልጨምር። ይህ ትምህርት ግማሹ ስታቲስቲክስ ነው። ስድስት ወር ተራራ ላይ የተሰበሰበ መረጃ ሌላ ስድስት ወር ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጣል። አር የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አለ (እውነቴን ነው፣ ስሙ ነው፤ ከላይኛው አር ጋር አይገናኝም)። እሱን ያልቻለ ተማሪ የራሱን መረጃ ይዞ ሰው ሲለማመጥ ይከርማል። ሒሳብ ሸሽቶ ባዮሎጂ የገባ ሰው እዚህ ጋ ይያዛል።

አሁን ወደ እኅቴ ጥያቄ። «ማን ይቀጥራታል?»

«የእንስሳት ባሕርይ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ እኛ አገር ጋዜጣ ላይ አትጠብቁ። ሥራው ግን አለ፤ የሚጠራው በሌላ ስም ነው። ተማሪው ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ስሙን የሚፈልግ ሥራ ያጣል፤ ችግሩን የሚፈልግ ያገኛል።

ለምሳሌ ወባ። በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች የወባ ትንኝ ማንን እንደምትነክስ ቆጠሩ። ትንኟ ውጭ ከሆነች ከብት ትነክሳለች፣ ቤት ውስጥ ሰው ትነክሳለች፤ ዶሮ ግን በሁለቱም ቦታ እያለች ትሸሻታለች። ከዚያ ሰው አጎበር ውስጥ ተኝቶ አጠገቡ ዶሮ በቅርጫት ተሰቀለች። ሌላ ቤት ደግሞ ከዶሮ የተወሰደ ሽታ ተደረገ። በሁለቱም ቤቶች የተያዘው ትንኝ ቀነሰ። ጥናቱ በ2016 ወጣ። ይህን የሠራ ሰው ደረቱ ላይ «የባሕርይ ተመራማሪ» የሚል ባጅ የለውም፤ ኢንቶሞሎጂስት (የነፍሳት አጥኚ) ወይም የጤና ተመራማሪ ነው የሚባለው። ሥራው ግን ትንኝ ምን እንደምትወድና ምን እንደምትጠላ መጠየቅ ነው።

አንበጣም እንዲሁ። በ2019 እና በ2020 ሰማዩን ሲሸፍነው ያየ አይረሳውም። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ያህል ምግብ ይበላል። የበረሃ አንበጣ ግን በተፈጥሮው ብቸኛ ነው፤ ጓደኛ አይወድም። ዝናብ ዘንቦ ሲራባ፣ ከዚያ ቅጠሉ አልቆ አንድ ቦታ ሲጨናነቅ፣ የኋላ እግሮቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል በሰውነቱ ይጨምራል፤ በሰዓታት ውስጥ ብቸኛው ነፍሳት መንጋ ፈላጊ ይሆናል። ይህ በ2009 ተረጋገጠ። እንግዲህ መድኃኒት መርጨት የሚያዋጣው መቼ ነው? ከመጨናነቁ በፊት፣ ክንፍ ሳያወጣ። ይህን የሚከታተሉት የግብርና ባለሙያዎችና አዲስ አበባ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ናቸው። ሥራው «የዕፅዋት ጥበቃ» ይባላል።

ንብ አለች። ፎን ፍሪሽ ኖቤል የወሰደው የንብን ጭፈራ ቋንቋ ፈትቶ ነው፤ አበባ ያገኘች ንብ ቀፎ ገብታ እየተወዛወዘች አቅጣጫውንና ርቀቱን ትናገራለች። እኛ ደግሞ «አውራ እንደሌለው ንብ» እንላለን። አውራ ስንል ወንድ አለቃ ይመስላል፤ እሷ ግን እናት ናት። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል የሚሠራውን ብታዩ፣ ንቡ ለምን ቀፎ ጥሎ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የገበሬ ኪስ ጥያቄ መሆኑ ይገባችኋል።

ከብትም አለ፤ ለእኅቴ ያልኳት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት። ዝነኛ ያደረጋት ከብቱ ተሰልፎ በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ራሷ ገብታ በከብቱ ዓይን ማየቷ ነው። በሬው ለምን ይቆማል? የተንጠለጠለ ሰንሰለት ስለሚወዛወዝ። አጥር ላይ ኮት ስለተሰቀለ። ወለሉ ላይ ያቆረ ውሃ ስለሚያንጸባርቅ። ሰንሰለቱን አንሣ፣ ውሃውን ጥረግ፣ በሬው በራሱ ይሄዳል፤ ዱላ አያስፈልግም። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመታረዱ በፊት ለረጅም ሰዓት የተጨነቀ ከብት በጡንቻው ያለው ስኳር ያልቃል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቁርጥ የሚወድ አገር ይህን ቢያስብበት አይከፋም። የሥጋ ላኪ ድርጅቶች፣ የከብት ማድለቢያዎች፣ አዲስ አበባ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ ሁሉም ከብት የሚገባውን ሰው ይፈልጋሉ።

ልጆች ሲያልሙ የሚያልሙት ግን የዱር እንስሳቱን ነው። እሱም አለ፤ ጠባብ ነው። ፓርኮች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ሆለታ አካባቢ ያለው «እንሰሳ ኮቴ» የተባለው የዱር እንስሳት ማገገሚያ፣ እንዲሁም የምርምር ፕሮጀክቶች። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 ጀምሮ ባሌ ላይ አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ትልቁ ጠላቱ ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 ወረርሽኝ ሲነሣ ሁሉንም መከተብ አይቻልም ነበር። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ እንደሚኖሩና ከሸለቆ ወደ ሸለቆ በየት በኩል እንደሚያልፉ ግን ለዓመታት ተመዝግቧል። ስለዚህ ክትባቱ መተላለፊያው ላይ ላሉት ቤተሰቦች ተሰጠ፤ በሽታው እዚያው ታገደ። በፈረስ እየዞሩ ቀበሮ የሚከታተሉት ብዙዎቹ ያካባቢው ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዳንዱ ስለ ቀበሮ የሚያውቀውን ባለ ዶክትሬቱ አያውቀውም።

ውጭ አገር ሌላ ገበያ አለ፤ የቤት እንስሳ። አሜሪካ ውስጥ ሰው ለሚናከስ ውሻው ምክር ይከፍላል። ተጠንቀቁ ግን፤ እዚያ ማንም ተነሥቶ «የውሻ አሠልጣኝ ነኝ» ብሎ ካርድ ማሳተም ይችላል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ነው። እውነተኛው ማረጋገጫ የሚሰጠው በአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ማኅበር ነው፤ ለሙሉ ማዕረጉ የዶክትሬት ደረጃ ትምህርትና የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። በሐኪም በኩል ደግሞ በባሕርይ ስፔሻላይዝ ያደረጉ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ።

ሞሮጎሮ፣ ታንዛኒያ፣ አይጥ የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። አፖፖ ይባላል ድርጅቱ። ትልልቅ አይጦች ፈንጂን አሽትተው እንዲለዩ ይሠለጥናሉ፤ ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ ፈንጂው ላይ ቢሄዱም አይፈነዳም። ማጋዋ የተባለው አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ 39 ፈንጂ አግኝቶ በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። እኅቴ አላመነችኝም። ስልኬን አውጥቼ ሜዳሊያውን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ አሳየኋት። «አይጥ!» ብላ ዝም አለች።

ስለ ደመወዝ አልዋሻትም። የመስክ ሥራ በፕሮጀክት ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ብዙው ተመራቂ መምህር ይሆናል። ማስተርስ የሌለው ሰው ረዳት ሆኖ ይቆያል። ብርድ አለ፣ ቁንጫ አለ፣ ኔትወርክ የለም። የጸጥታው ነገርም የመስክ ዓመት ይበላል። ለዚህ ነው አብሮ የሚሄድ ሌላ ሙያ እንድትይዝ የመከርኳት፤ ስታቲስቲክስ፣ ካርታ ሥራ፣ ወይም ነፍሳት። በተለይ ነፍሳት። ዝንጀሮ ሁሉም ይፈልጋል፤ ትንኝና አንበጣ ግን ባጀት አላቸው።

ልጅቷን በወሬ ብቻ አልለቀቅኋትም። እናቷ ጓሮ ስድስት ሴት ዶሮዎች አሉ። «ጥሬ ሲበተንላቸው ማን ማንን እንደሚነቁር ሁለት ሳምንት ጻፊ» አልኳት። ነገሩ የቆየ ነው፤ ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሽየልደሩፕ-ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ኖሮ የመናቆር ተራ እንዳላቸው በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሳተመ። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በስተቀር ሁሉንም፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ ድረስ።

እኩለ ጾም ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ልጅቷ ደብተሯን አመጣች። በቁመትና በአግድም የዶሮዎቹን ስም ጽፋ ሠንጠረዥ ሠርታለች፤ እያንዳንዷ ንቁሪያ በመስመር ተቆጥራለች። እናቷ ከላይ ሆና አየችና፣ «ይህን ለማወቅ ደብተር ምን ያደርጋል? አለቃዋ ቀይዋ ናት። ጧት ማታ ትጮኻለች» አለች።

«ቀይዋ ጯሂ ብቻ ናት» አለች ልጅቷ። «በሁለት ሳምንት አራት ጊዜ ነው የነቆረችው፣ እሱም ትንሿን። ሁሉንም የምታባርረው ጥቁሯ ናት። ድምፅ ስለማታሰማ አላየሻትም።»

እኅቴ ወደ ጓሮው ወጣች። ጥሬ በተነች። ቆማ አየች። ጥቁሯ ዝም ብላ መጣች፤ ቀይዋ መንገድ ለቀቀች። እኅቴ ደግማ በተነች፤ ደግማ አየች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ፣ «ታዲያ ለፋሲካ የትኛዋን ልረድ?» አለቻት።